በዙሪያው መንገድ የሄደው መስታወት

እሷና ሾፌሩ መስታወት በጫነው መኪና መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። በቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ትልቁን ከተማ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቢበዛ አራት ሰዓት ነው። በግራ ያለው ደግሞ ከከተማው ጋር የተጣላ ይመስል ከሩቅ እየሸሸ ዙሪያውን ይዞራል፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ጭነት የያዘ መኪና በቀን ከተማ መግባት አይፈቀድለትም። ባዶ ከሆነ እንደ ልቡ ይገባል።

የአባቷ ትንሽ መኪና ከኋላ መጥታ አለፈቻቸው። አባቷ በመስኮት እጁን አውጥቶ አወዛወዘና በቀኝ ታጠፈ። ያን እጅ ስታይ ጎህ ሲቀድ በግቢው በር ላይ ያላት ነገር ትዝ አላት። «እኔ ቀድሜ ደርሼ እጠብቅሻለሁ። ሰዎቹ እራት አዘጋጅተዋል። መልስሽን ይዘሽ ነይ፤ ከዚህ በላይ ሰው ማስጠበቅ ነውር ነው።»

ሰዎቹ ማለት ከከተማው ማዶ ባለ አራት ፎቅ ሱቅ የሚያሠሩት ነጋዴና ልጃቸው ናቸው። ልጁ መሐንዲስ ነው። ላግባሽ ብሎ ሁለት ጊዜ በጨዋ ደንብ ጠይቋታል፤ እሷም ሁለቴ «ላስብበት» ብላዋለች። በጣቷ ጫፍ ዳብሳ የመስታወት እንከን የምታገኝ ሴት ናት፤ እሱ ላይ ግን እንከን አጣች። ስሙ በተጠራ ቁጥር ዝም የሚለው ልቧ ብቻ ነበር። ይህን ደግሞ ለአባቷ በምን ቋንቋ ታስረዳዋለች?

ከጋቢናው ኋላ፣ በእንጨት ማቀፊያ ተደግፎ የቆመው የዚያ ሱቅ የፊት መስታወት ነው። የአባቷ መስታወት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ትልቅ ከውስጡ ወጥቶ አያውቅም። የቆረጠችው እሷ ናት። ስለዚህም «ክፈፉ ውስጥ ገብቶ ሳላየው ከአጠገቡ አልለይም» ብላ ጋቢና ገባች። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ይህን ያለችው ሾፌሩ ማን እንደሆነ ካየች በኋላ ነው።

ሾፌሩን ሰው ሁሉ «ቀስታ» ነው የሚለው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ መስታወት ሰብሮ አያውቅም። ጓደኞቹ ኤሊ ከኋላው ብትደርስ ጥግ ይዞ ያሳልፋታል እያሉ ያሙታል፤ እሱም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ይስቃል። እጆቹ ትልልቅ ናቸው፤ መሪውን ሲይዝ ግን የተኛ ሰው እንዳይነቃበት የሚጠነቀቅ ይመስላል። አሁንም መሪውን በግራ ጠመዘዘና ወደ ረጅሙ መንገድ ገባ።

«መስኮቱን ልዝጋልዎት? አቧራ ይመጣል» አላት።

ዞር ብላ አየችው። «ከመቼ ወዲህ ነው እኔ አንቱ የሆንኩት?»

«የጋሼ ልጅ ነዎት» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

መስኮቱን ራሷ ዘጋችው።

ዘመኑ ስልክ በየሰው ኪስ ያልገባበት ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ሰው «አንቺ» እያለ ይጽፍላት ነበር። ያኔ እሷ የምትሠራው በሩቅ ከተማ በሚገኘው የአክስቷ መስታወት መሸጫ ውስጥ ነው። አክስቷ ስልኩን ከክንዷ ሥር አትለየውም፤ ለሱቁ የሚመጣ ፖስታም ሳይከፈት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ቀስታ በወር ሁለት ጊዜ ከአባቷ መስታወት ቤት ጭነት ያመጣል፤ አውርዶ፣ አስፈርሞ፣ በአሥር ደቂቃ ይሄዳል። መስታወት ሲጫን ግን እንዳይፋፋቅ በየመሃሉ ስስ ነጭ ወረቀት ይገባል። ከዕለታት አንድ ቀን ጭነቱን ስትፈታ ከወረቀቶቹ አንዱ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አገኘች፤ «ባለፈው ሳልሽ ነበር። ተሻለሽ?»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ወረቀቶቹ ተሰብስበው በባዶው መኪና ስለሚመለሱ እሷም በአንዱ ላይ «ተሽሎኛል» ብላ ጻፈች። ሰባት ወር ሙሉ በዓይን ሰላም እየተባባሉ፣ በወረቀት የልብ የልባቸውን አወሩ። ከዚያ አንድ ቀን ወረቀቶቹ ባዶ ሆነው መጡ። በሚቀጥለውም ጭነት ባዶ። ቀስታ አንገቱን ደፍቶ አውርዶ ሄደ፤ እሷም ኩራት ይዟት ፊቷን አዞረች። ወር ሳይሞላ እሱ መንገዱን ቀየረና በቦታው ሌላ ሾፌር መጣ። አክስቷ ሱቁን ዘግታ እሷ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስም እሱ ሌላ መንገድ ላይ ነበር። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ዛሬ አባቷ ያስጠራው ይህን መስታወት ከሱ በቀር ለማንም ስለማያምን ነው።

ከተማዋ ቀኑን ሙሉ በቀኝ በኩል አብራቸው ሄደች። ጠዋት መስኮቶቿ በሩቁ ያብረቀርቁ ነበር፤ ረፋድ ላይ በጉም ተሸፍና ሕንፃዎቿ መሬት የለቀቁ መሰሉ። ቢጫ አበባ የሞላበት እርሻ፣ የጡብ ምድጃ፣ ውሃው ንቅንቅ የማይል ግድብ በግራ በኩል እየመጡ አለፉ። እዚያ ከተማ ውስጥ ሰው ይሯሯጣል፣ ጥሩምባ ይነፋል፤ እዚህ ግን ከሞተሩ ድምፅ በቀር ምንም የለም። ይህ መንገድ ወደ የትም ባይደርስ ምን አለበት ብላ አሰበች። ያሰበችውን ስታውቀው ደነገጠች።

«መንገድ ለምን ቀየርክ?» አለችው በድንገት።

ማርሽ ቀየረ። «ጋሼ ፈቀዱልኝ።»

«ስለጠየቅክ ነዋ የፈቀደልህ።»

«አዎ። ጠይቄ ነው።»

እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ከተማዋ ዞረች። እንዲህ በሁለት ቃል የሚመልስ ሰው እንዴት ያን ሁሉ ወረቀት ሞላ? እንባዋ መጣና ወደ ኋላ መለሰችው።

እኩለ ቀን ላይ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ያለች ሻይ ቤት ቆሙ። ቀስታ መጀመሪያ ጭነቱን ዞሮ አየ፤ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየሳበ ፈተሸ። «ጠዋት ተቻኩለው ነው ያሰሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ ለራሱ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሁለት ብርጭቆ አምጥታ ስኳሩን ወደሷ ገፋችና በአገጯ ቀስታን እያመለከተች፣ «ባልሽ ስኳር አያበዛም መሰለኝ፣ ፊቱ ያስታውቃል» አለቻት።

አላረመቻትም። ቀና ስትል እሱም ሰምቶ ኖሮ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሟል፤ እሱም አላረማትም። ዓይናቸው ተገናኘና ሁለቱም ቶሎ ብለው ወደ ሐዲዱ ዞሩ። ባቡር አይመጣ ነገር፣ ሐዲዱን ሲያዩ ሻያቸው ቀዘቀዘ።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ይባሱን ቀስ አለ። አህያ የጫኑ ሰዎች እንኳ ቀደሟቸው።

«እንዲህ ከሆነ እራቱ ያልፋል» አለች፣ ሳቅም ንዴትም ይዟት።

«እራቱን ሰምቻለሁ። ጋሼ ነግረውኛል» አለ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከአንድ ከፍታ ላይ ወጡ። ከተማዋን ዞረው ጨርሰዋታል፤ አሁን ከኋላቸው ናት። ከፊታቸው ቁልቁለት ነበርና ቀስታ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ። «ከመውረዳችን በፊት ሸራውን ገልጠን እንይ። አንዱ ገመድ የላላ መሰለኝ።» እሱ በወዲያ በኩል ገመዱን ሲፈታ እሷ በወዲህ በኩል ሸራውን ወደ ላይ ጠቀለለች።

ትልቁ መስታወት ከነክብሩ ቆሟል። ከውጭ በኩል ደግሞ ጠጠር ቢፈናጠር እሱን ይምታ ተብሎ የተበላሸ መስታወት ተደግፎበታል፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ይደረጋል። የዛሬው መከላከያ ሁለት የተጣበቁ መስታወቶች ናቸው። ዝናብ የገባበት መስታወት ከነወረቀቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል። አባቷ ለዚህ ሕግ አለው፤ «የተጣበቀ መስታወት አይላቀቅም። ላላቅቅ ያለ ሁለቱንም ያጣል» ይላል። ጥግ ላይ በቀይ ሰም እርሳስ «ብልሽት» የሚል አለበት። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። በአክስቷ ሱቅ ዝናብ የመታው ጭነት የመጣ ቀን ጽፋበት፣ ወደ ግድግዳ አዙራ እንዳቆመችው ትዝ አላት። ሱቁ ሲዘጋ ከዕቃው ጋር አብሮ ተመልሶ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ከአባቷ ግድግዳ ሥር ከርሟል።

ፀሐይዋ ከወዲያ በኩል ዝቅ ብላ በትልቁ መስታወት ውስጥ አልፋ መጣችና በሁለቱ መሃል የተቀረቀረውን ወረቀት አበራችው። ወረቀቱ ላይ መስመሮች ነበሩ። የተጻፈበት ፊቱ ወደ ውስጥ ስለዞረ ፊደሎቹ የተገለበጡ ናቸው። እሷ ግን ስንት ዓመት የሱቅ ስም በመስኮት ላይ ከውስጥ እየገለበጠች ስትጽፍ የኖረች ናት። ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ ውሃ አነበበችው።

«በመሪ ላይ ተንቀጥቅጦ የማያውቅ እጄ አሁን እየተንቀጠቀጠ ነው። ያለኝ ሙያዬና አንዲት ክፍል ቤት ነው። ቤቷ ያላት አንድ መስኮት ነው፤ መስታወቱን ግን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ። ጠዋት ጠዋት ሰማይን የማየው ባንቺ በኩል ነው። ለጋሼ ልነግራቸው እፈልጋለሁ፤ አንቺ እሺ ሳትዪኝ ግን አልነግራቸውም። በሚመለሰው ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጻፊልኝ፣ ይበቃኛል። ወረቀቱ ባዶ ከተመለሰ እምቢታሽን ተቀብዬ እኖራለሁ፤ ደግሜ በዚህ ነገር አፌንም ብዕሬንም አልከፍትብሽም።»

የመኪናውን ጠርዝ ያዘች። በዚያ ጭነት አሥራ አራት መስታወት ነበር፤ በመሃላቸው አሥራ ሦስት ወረቀት። አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ገልብጣ አይታ፣ ባዶ ሲሆኑባት ጓዳ ገብታ አልቅሳለች። አሥራ ሦስተኛውን በገዛ እጇ ወደ ግድግዳ አዙራዋለች።

ቀስታ ገመዱን እንደያዘ ዞሮ መጣ። «ምን ሆኑ? ተሰነጠቀ?»

በጣቷ አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየ፤ የተገለበጠውን ጽሑፍ ማንበብ ባይችልም የራሱን እጅ ጽሑፍ አወቀው። ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

«ይሄ... አላነበብሽውም ነበር?»

ቀኑን ሙሉ «አንቱ» ሲላት የዋለው ሰው መሆኑን ሁለቱም ረስተውታል።

«አሁን ነው ያነበብኩት» አለች። «አሁን፣ እዚህ ቆሜ።»

«አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እምቢ ብላኛለች ብዬ ነው የኖርኩት። ፊትሽን ስታዞሪ፣ እንግዲህ አሳፈርኳት አልኩ። ከዓይኗ ዞር ልበልላት ብዬ ነው መንገድ የቀየርኩት።»

«እኔ ደግሞ ረሳኝ ብዬ። ምን አጠፋሁ እያልኩ። እያንዳንዷን የጻፍኩትን ቃል እየመረመርኩ... ግድግዳው ሥር አልፌው እሄድ ነበር እኮ። በየቀኑ።»

እያለቀሰች ሳቅ መጣባት። እሱ አልሳቀም፤ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ከኪሱ ስስ ቢላ አወጣ። «ላላቅቀው? ወረቀቱን ላውጣልሽ፣ ያንቺ ነው።»

«ተው። አባዬ የሚለውን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለና ቢላውን መልሶ ከተተ። «ማታ መልስ ትሰጫለሽ አሉኝ። መስታወቱን ብቻ ሳይሆን አንቺንም ለሰው እያደረስኩ ነው ብዬ ነው የዋልኩት። ዛሬ ቀስ ያልኩት ለመስታወቱ አይደለም» አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችው። ፀጉሩ ላይ አቧራ ተኝቷል፤ ዓይኑ ሥር ያኔ ያልነበረ መስመር አለ። ይህን ፊት አንድ ዓመት ከመንፈቅ በከንቱ ተጣልታው ኖራለች።

«ሰም እርሳሱን አምጣልኝ» አለችው።

ከጋቢና አመጣላት። ከብልሽቱ መስታወት ፊት ቆማ፣ ከደብዳቤው በታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ በቀይ ጻፈች፤ «እሺ። ዘገየሁ እንጂ እምቢ አላልኩም።»

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ የወደቀውን ገመድ አንሥቶ ማሰር ጀመረ፤ ግን ያ አሥራ አንድ ዓመት ያላመለጠው ቋጠሮ ሦስት ጊዜ አመለጠው። እሷ ጫፉን ያዘችለት። እጆቻቸው እዚያው ገመዱ ላይ ተደራርበው ቆዩ፤ ፀሐይዋ ስትገባ ሁለቱም ልብ አላሉም።

የነጋዴው ግቢ ሲደርሱ መብራቶቹ ገና እየበሩ ነበር። መሐንዲሱ በሩን በሰፊው ከፍቶ ተቀበላቸውና ለማገዝ ባዶ እጁን ወደ መስታወቱ ሰደደ። አባቷ «ጓንት፣ ልጄ፣ ጓንት» እያለ እየሮጠ መጣ። ሸራው ተገለጠ። አባቷ እንደ ልማዱ መጀመሪያ መከላከያውን ሊያነሣ ቀረበና እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

መነጽሩን አወጣ። ቀዩን አነበበ። ከዚያ በሌላኛው በኩል ዞሮ፣ አንገቱን አስግጎ የውስጡን አነበበ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ቀስታ ከመኪናው አጠገብ ሐውልት ሆኖ ቆሟል፤ እሷም የሸራውን ጫፍ እንደያዘች ናት።

አባቷ ግን መከላከያውን ራሱ አንሥቶ ግድግዳ አስደግፎ፣ «ተሸከሙ። እኩል! በዚያ በኩል ዝቅ!» ማለት ጀመረ። ሥራ ሥራ ነው። ትልቁ መስታወት ከፍ ብሎ፣ ተንገዳግዶ፣ ክፈፉ ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ ማንም አልተነፈሰም። ሲቀመጥ የግቢው መብራቶች ሁሉ ከነሰዎቹ ውስጡ ታዩ።

ያኔ ወደ አባቷ ሄደች። «አባዬ፣ መልሴን ይዤ መጥቻለሁ።»

«አንብቤዋለሁ» አለ። ድምፁ ደክሟል። «ለነዚህ ሰዎች ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? እራት አቅርበው?»

«ለልጁ እኔ እነግረዋለሁ።»

ነገረችውም። መሐንዲሱን ከአዲሱ መስታወት ፊት ጠራችውና ሳታስረዝም፣ ሳትዋሽ ነገረችው። ልቧ ቀድሞ የተሰጠ መሆኑን እሷም ያወቀችው ዛሬ እንደሆነ አልደበቀችውም። ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ወደ መስታወቱ ዞሮ፣ «መስታወቱ ግን በጣም ቆንጆ ነው» አለ። አዘነችለት፤ እንከን አጥታበት የነበረችው በከንቱ አልነበረም።

ስትመለስ ከሠራተኞቹ አንዱ የተጣበቁትን መስታወቶች ይዞ አባቷን ይጠይቃል። «ይሄ ብልሽት ነው ጋሼ፤ እንጣለው?»

«ማን ጣል አለህ? ወደ መኪናው መልሰው። በደንብ ደግፈው።»

ቀስታ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ከፊቱ ቆሞ ነበር። አባቷ ከላይ እስከ ታች አየው። «እኔም መስታወት በጀርባዬ አዝዬ ቤት ለቤት ስዞር ነው ሚስት ያገኘሁት» አለ። «አፍ ግን ነበረኝ። ለአባቷ በአፌ ነው የነገርኩት።»

«እነግርዎታለሁ ጋሼ።»

«እንግዲህ ትነግረኛለህ። ከተማው ውስጥ ጉዳይ ስላለኝ እኔ ነገ በአጭሩ ነው የምሄደው። እናንተ በዙሪያው ሂዱ።»

ቀስታ ያልገባው መሰለ። «ጋሼ፣ ስንመለስ እኮ ባዶ ነን። ባዶ መኪና ከተማ መግባት አይከለከልም።»

አባቷ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ባዶ ነው ያለህ ማነው?» አለውና ወደ እራቱ ገባ።

እሷ እዚያው ግቢው መሃል ቀረች። ነገ የሚጠብቃትን ያን ሁሉ መንገድ አሰበችው፤ ሐዲዱን፣ ግድቡን፣ ቢጫውን እርሻ፣ በዚህኛው ጉዞ ደግሞ በግራ በኩል ቀኑን ሙሉ አብራቸው የምትሄደውን ከተማ። ረጅም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አጠረባት።